የተቆለፈው ፋይል፦ ዩኒቨርሲቲ በአድልዎ ሲከሰስ ማን ያስረዳል?

ዩኒቨርሲቲ የማስረጃ ቤት ነው። መምህሩ ተማሪውን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ ያፋጥጠዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞችም ምንጩ ያልታወቀ አንድ ዐረፍተ ነገር ሲያዩ ብዕራቸውን ያነሣሉ። ይሁንና ይኸው ቤት እንደ ቀጣሪ ተቆጥሮ «እኔን ለምን አልቀጠርከኝም? እኔን ለምን አባረርከኝ?» የሚል ጥያቄ ሲቀርብለት ጠባዩ ይለወጣል። ማስረጃው ከመሳቢያ አይወጣም፤ ቃለ ጉባኤው ምስጢር ይሆናል፤ ጠያቂው ደግሞ ያላየውን ሰነድ ይዘት እንዲያስረዳ ይገደዳል።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ የተቆለፈ ፋይል ታሪክ ነው። በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ ስለሚፈጸም አድልዎ ሲነሣ ክርክሩ ወዲያው «የየትኛው ወገን ሰው ተበደለ?» ወደሚል ይሄዳል። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ተበደልኩ የሚል ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ በየትኛው በር ይገባል? ከገባስ በኋላ የማስረዳት ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል?

በሁለት ሕጎች መካከል የቀረ ሠራተኛ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በዚያው በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ማዕከል ሥር የሚያሰባስብ ትእዛዝ ቁጥር 23 ወጣ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶም በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት እስከ ዛሬ ድረስ አብሮን ያለው ክፍፍል መሠረቱ ተጣለ፦ የፋብሪካና የኩባንያ ሠራተኛ በአንድ ሕግ፣ የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ በአብዛኛው ተቋሙ ራሱ በሚያወጣው መተዳደሪያ።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ክብርም ነበር። መምህርን የሚመዝን መምህር ብቻ ነው፤ ሚኒስትር በማዕረግ ዕድገት ውስጥ እጁን አያስገባም የሚል የነጻነት መርሕ ነበረው። ነገር ግን ክብሩ ጥላም ነበረው። ተቋሙ ራሱ ቀጣሪ፣ ራሱ ገምጋሚ፣ ራሱ ቅሬታ ሰሚ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ በደል ሲፈጠር አቤቱታው የሚቀርበው ለዚያው ለበዳዩ ነው።

ደርግ ሲመጣ ነጻነቱ ጠፋ፤ ጥላው ግን ቀረ። በ1969 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 109 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በኮሚሽን ሥር አደረገ። የቅጥርና የዕድገት ውሳኔ ወደ መንግሥት እጅ ይበልጥ ተጠጋ፤ የፖለቲካ ታማኝነትም ከሙያ ብቃት ጎን ለጎን የሚታይ መመዘኛ ሆነ። ኢትዮጵያ ግን በ1958 ዓ.ም. የዓለም የሥራ ድርጅትን ስምምነት ቁጥር 111 አጽድቃ ነበር። ይህ ስምምነት በሥራና በሙያ ላይ በዘር፣ በቀለም፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አስተያየት፣ በብሔራዊ ትውልድና በማኅበራዊ መነሻ ምክንያት የሚደረግ ልዩነትን ይከለክላል። «በፖለቲካ አስተያየት» የሚለውን ቃል አንባቢዬ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

የ1985ቱ ስንብት

ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔ በተመለከተ ተቃውሞ ለማሰማት ሰልፍ ወጡ። ተኩስ ተከፈተ፤ ሕይወት ጠፋ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ አርባ ሁለት መምህራን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። ከእነርሱ መካከል የቀዶ ሕክምና ሊቁና የሕክምና ፋኩልቲው የቀድሞ ዲን ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር መሪ የነበሩት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ይገኙባቸዋል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በኢትዮጵያ የአካዳሚ ነጻነት ላይ ባወጣው ዘገባ ይህን ስንብት ከዋነኞቹ የጥሰት ምሳሌዎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል።

ስለ ስንብቱ ፖለቲካዊ ትርጉም ብዙ ተብሏል፤ እኔ የምደግመው አይደለም። በሕግ ታሪክ ዐይን ሲታይ ግን ከፖለቲካው ባልተናነሰ የሚያስገርም ነገር አለው። በዚያው ዓመት በጥር ወር፣ ማለትም ተኩሱ ከተሰማ በኋላና የስንብት ደብዳቤዎቹ ከመጻፋቸው በፊት፣ የሽግግር መንግሥቱ አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ አወጣ፤ ቁጥር 42/1985። አዋጁ አሠሪ ሠራተኛውን በዜግነቱ፣ በጾታው፣ በሃይማኖቱ፣ በፖለቲካ አመለካከቱ፣ በዘሩ፣ በጋብቻ ሁኔታው፣ በእርግዝና ወይም በትውልድ ሐረጉ ምክንያት ሊያሰናብት እንደማይችል በግልጽ ደነገገ። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞችን ግን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አደረጋቸው።

እንግዲህ ልብ እንበል። በ1985 ዓ.ም. አንድ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት የማሽን ሠራተኛውን «ፖለቲካህ አልተመቸኝም» ብሎ ቢያባርር ሠራተኛው ይህን አዋጅ ጠቅሶ ዳኛ ፊት መቆም ይችል ነበር። ለሠላሳ ዓመት ቀዶ ሐኪሞችን ያፈራ ፕሮፌሰር ግን ያን አንቀጽ መጥቀስ አይችልም ነበር፤ ቀጣሪው መንግሥት ነውና። መንግሥት ለግል ባለሀብቱ ያወጣውን ክልከላ በራሱ ላይ አላወጣውም። የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158፣ ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው፣ ሠራተኛ የቀረበበትን ክስ ሳይከላከል አይሰናበትም ይላል፤ ምንም እንኳ መንግሥታት አንዳንድ የሠራተኛ ዓይነቶችን ከስምምነቱ እንዲያወጡ በር የሚተው ቢሆንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፕሮፌሰር አሥራት በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ጤናቸው ከተጎዳ በኋላ ለሕክምና ወደ ውጭ እንዲወጡ ተፈቅዶላቸው ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ዐረፉ። ዶክተር ታዬ በግንቦት 1988 ዓ.ም. ከውጭ ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተያዙ፤ በ1991 ዓ.ም. የዐሥራ አምስት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ወደ አምስት ዓመት ዝቅ አድርጎት በ1994 ዓ.ም. ተፈቱ። የመምህራን ማኅበሩ አቤቱታም ድንበር ተሻግሮ በጄኔቫ የዓለም የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነጻነት ኮሚቴ ዘንድ ቁጥር 1888 ተሰጥቶት ለዓመታት ታየ። በአገሩ በር ያጣ አቤት ባይ ጄኔቫ ድረስ ይሄዳል፤ የጄኔቫ ኮሚቴ ግን ለመንግሥት ምክረ ሐሳብ ያቀርባል እንጂ መምህርን ወደ ወንበሩ የሚመልስ የፍርድ ማስፈጸሚያ ትእዛዝ አይጽፍም።

የኦጎልቾዋ ልጅ የት ታንኳኳ?

«ያ የሽግግር ዘመን ነበር፤ አሁን ሕገ መንግሥት አለን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነትን መብት፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን በሥራ ላይ እኩል መሆን፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የማግኘትን መብት ደንግጓል። ታዲያ ይህ ጽሑፍ መሬት ላይ ሲወርድ ምን ይመስላል? በምሳሌ እንየው።

ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ ደጋ ወረድ ብሎ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ባለው ቆላማ ምድር ላይ የምትገኝ። ከዚያች ከተማ ተነሥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ በትምህርት ክፍሏ በከፍተኛ ውጤት የተመረቀች አንዲት ልጅ በሐሳባችን እናስብ። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ይለጥፋል። ትወዳደራለች። በነጥቧ አንደኛ ናት፤ በጽሑፍ ፈተናውም አንደኛ ናት። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ነጥቧ ያሽቆለቁልና ሦስተኛ የነበረው ይቀጠራል። ምክንያቱ ሴትነቷ ይሁን፣ ብሔሯ ይሁን፣ ሃይማኖቷ ይሁን፣ ወይም በእርግጥ ቃለ መጠይቁን አበላሽታው ይሁን አታውቅም። የምታውቀው የስም ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፉን ብቻ ነው።

ይህ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. አሥመራን ሳንቆጥር አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ ዩኒቨርሲቲ የሚል ስም የያዙት፤ ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ናቸው። አሰላን እንውሰድ። በ1960ዎቹ መግቢያ የስዊድን መንግሥት የረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አርሲዎች ካዱ እያሉ የሚጠሩት፣ ለከተማዋ የተማረ ሰው ሥራ ይዞ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አርሲ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። እንዲህ ባሉ ከተሞች ዩኒቨርሲቲ የዕውቀት ቤት ብቻ አይደለም፤ ከትልልቆቹ ደመወዝ ከፋዮች አንዱ ነው። የዚያ በር አከፋፈት የአንድ ትውልድ ዕጣ ነው።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ቀጣሪዋ የግል ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሥር ይወድቅ ነበር፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ቀጣሪዋ የመንግሥት ስለሆነ ግን ይህ በር ዝግ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ፣ ከአዋጅ 262/1994 ጀምሮ፣ በ515/1999ም በ1064/2010ም፣ ክፍት ቦታ ሲሞላ በሥራ ፈላጊዎች መካከል በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት ልዩነት ማድረግን ከልክሏል። መልካም። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች የዘረጉት የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዋናነት የተሠራው ቀድሞ ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ የተቀጣ፣ የተሰናበተ፣ ደመወዙ የተቆረጠ ሰው ይግባኝ የሚልበት ነው። የእኛዋ ልጅ ደግሞ ገና ሠራተኛ አይደለችም፤ ክሷም እንዳትሆን ተከልክያለሁ የሚል ነው። በዚህ ላይ የመምህራን ቅጥርና ዕድገት በከፍተኛ ትምህርት አዋጆችና በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚመራ በመሆኑ «ይህ አካዳሚያዊ ውሳኔ ነው» የሚል ተጨማሪ አጥር ይጠብቃታል።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። ሕጉ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አነስተኛ ተዋጽኦ ላላቸው ብሔረሰቦች ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዝዛል። ይህ ድንጋጌ በታሪክ የተዘጋባቸውን ለመክፈት የገባ ነው፤ አልቃወመውም። ንጉሡ ዘመን ላይ ስንት የአርሲ ገበሬ ልጅ የስድስት ኪሎን ደጅ ረገጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የድንጋጌው ምክንያት ይገባዋል። ዳሩ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነና በስንት ነጥብ እንደሆነ በማይታይ ወረቀት ላይ ሲወሰን፣ የፍትሕ መሣሪያው የአድልዎ መሸፈኛ ለመሆን አንድ እርምጃ ይበቃዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል ባልሞተበት አገር ደግሞ እርምጃዋ አጭር ናት።

አሜሪካኖቹ ፋይሉን እንዴት ከፈቱት?

ዩኒቨርሲቲ ከሕግ በላይ ነኝ ያለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ላይ የሚደረግ አድልዎን ሲከለክል የትምህርት ተቋማትን መምህራን ከክልከላው ውጭ አድርጓቸው ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ኮንግረሱ ያን ልዩ መብት አነሣው። በሩ ሲከፈት ከሳሾች ገቡ። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሽያማላ ራጀንደር የተባለች ኬሚስት በ1973 ከሰሰች፤ በ1980 ዩኒቨርሲቲው በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ካሳ ከፈላት፤ ሌሎች ሴት መምህራንም አቤቱታቸውን የሚያቀርቡበት ሥርዓት ተበጀ። በብራውን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ላምፊር ቋሚ መምህርነት ተከልክላ በ1975 ከሰሰች፤ በ1977 ዩኒቨርሲቲው ተስማምቶ ቅጥርና ዕድገቱን በክትትል ሥር አደረገ።

ሁሉም ግን አንድ ግንብ ይጠብቃቸው ነበር፦ የባልደረቦች ግምገማ ምስጢር ነው የሚለው። ግንቡ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ሮሳሊ ተንግ የተባለች የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የዋርተን ትምህርት ቤት መምህርት በ1985 ቋሚነት ስትከለከል በዘሬ፣ በጾታዬና በብሔራዊ ትውልዴ ምክንያት ነው ብላ ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ አመለከተች። ኮሚሽኑ የእርሷንና ከእርሷ ጋር የተወዳደሩትን ወንዶች የግምገማ ፋይል ጠየቀ። ዩኒቨርሲቲው የአካዳሚ ነጻነትን ጋሻ አድርጎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ውድቅ አደረጉት፤ አድልዎ ካለ ማስረጃው የሚገኘው በዚያው ፋይል ውስጥ ነውና። የአካዳሚ ነጻነት መንግሥት መምህሩን «ይህን አስተምር» እንዳይለው የሚጠብቅ እንጂ ተቋሙ ራሱን ከጥያቄ የሚሸሽግበት እንዳልሆነ ተረጋገጠ።

አሜሪካ የእኩልነት ገነት ናት ማለቴ አይደለም፤ የሚጠቅመን የመፍትሔው አካሄድ ነው። መጀመሪያ ልዩ መብቱ ተነሣ፤ ቀጥሎ ፋይሉ ተከፈተ። ክርክሩ ከሐሜት ወደ ማስረጃ የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

መፍትሔው በመጽሐፋችን ውስጥ ተጽፏል

ይህን ሳነብ ወደ አገሬ ሕግ ተመልሼ ያገኘሁት ነገር ደስም አሰኘኝ፣ አሳዘነኝም። መፍትሔው በእኛው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አለ። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር፣ በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር ላይ በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል የሚል ሰው የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ሊመሠርት እንደሚችል ይደነግጋል። አድልዎ አለመፈጸሙን ማስረዳት ያለበት ተከሳሹ ነው። የሕግ አውጪው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ወረቀቱ ያለው በቀጣሪው እጅ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያለው ያስረዳ።

እንግዲህ የኦጎልቾዋ ልጅ ዐይነ ስውር ብትሆን ዩኒቨርሲቲው ፋይሉን ይዞ ቀርቦ ንጽሕናውን ያስረዳል። ያቺው ልጅ ዐይናማ ሆና «በሴትነቴ» ወይም «በብሔሬ» ወይም «በሃይማኖቴ» ብትል ግን የሚጠይቅ ያስረዳል የሚለው አጠቃላይ ሥርዓት ይጫናትና ያላየችውን ሰነድ ፈልጊ ትባላለች። ይህ ልዩነት ለምን? የአካል ጉዳተኛው ወረቀት በቀጣሪው መሳቢያ እንዳለ የሌላውም በዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ተስፋ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓትን የሚመለከተው ይህ አዋጅ የአስተዳደር ተቋም ውሳኔውን በምክንያት አስደግፎ እንዲሰጥና በውሳኔው የተጎዳ ሰው በፍርድ ቤት እንዲያስከልስ መንገድ ከፍቷል። ከ12 ዓመት በፊት በዚያው አገር የወጣ ደንብ ቁጥር 155/2000 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ እንዲያሰናብት ፈቅዶ የተሰናበተው በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ከልክሎ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ የ2012ቱ አዋጅ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የተከፈተ በር የሚገባበት ካላገኘ ተመልሶ ይዝጋል። የሕግ ፋኩልቲዎቻችን ስለ አዋጁ ጽሑፍ ከማሳተም አልፈው በገዛ ዩኒቨርሲቲያቸው ቅጥር ላይ መከበሩን ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ለተቋማቱ፣ ሠራተኛን በመቅጠርና በማስተዳደርም ጭምር፣ ሰፊ ሥልጣን የሚሰጥ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ራስ ገዝነትን የምመኘው ነው። ነገር ግን የ1954ቱን ታሪክ አንርሳ፦ ነጻነት ያለ ተጠያቂነት ሲሰጥ ቀጣሪው ዳኛም ይሆናል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የውድድር ነጥብ በየመመዘኛው ተለይቶ ለተወዳዳሪዎቹ ይገለጥ። ቃለ መጠይቅ የጠየቀ ሁሉ የሰጠውን ነጥብና ምክንያቱን ጽፎ ይፈርም። ቅሬታ ሲቀርብ ፋይሉ ከቀጠረው ትምህርት ክፍል ውጭ ባለ አካል ይመርመር። ሥራ ፈላጊም እንደ ሠራተኛ አቤት የሚልበት ችሎት ይኑረው። የአዋጅ 568/2000 የማስረዳት ሥርዓትም ለሌሎቹ የአድልዎ ምክንያቶች ይዘርጋ።

ይህ ለአርሲ ሰው እንግዳ አሠራር አይደለም። ኦጎልቾ የሚለው ስም የከተማ ብቻ ሳይሆን የስንዴም ስም ነው፤ ከአሰላ አቅራቢያ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው የዳቦ ስንዴ ዝርያ ነው። አንድ ዝርያ ስም ከማግኘቱ በፊት በልዩ ልዩ ቦታ እየተደጋገመ ይዘራል፤ ከነባር ዝርያ ጎን ቆሞ ምርቱና በሽታን መቋቋሙ ይለካል፤ ቁጥሩ በመዝገብ ይሰፍራል። የተጠራጠረ መዝገቡን አውጡልኝ ሊል ይችላል። ለስንዴ ያደረግነውን ለሰው ማድረግ እንዴት ያቅተናል?

ዘመናት ሲለዋወጡ የሚገፋው ሰው ይለዋወጣል። በአንዱ ዘመን የገበሬው ልጅ፣ በሌላው ዘመን ፓርቲ ያልተቀበለው፣ በሌላው ደግሞ «አገርህ ይህ አይደለም» የተባለው ተረኛ ይሆናል። ዛሬ ፋይሉ ተቆልፎ ሲጠቀም የሚደሰት ወገን ነገ በዚያው ቁልፍ ይዘጋበታል፤ የ1985ቱ ደብዳቤ ትዝታ ያለው ሰው ይህን ሊስት አይገባውም። አባቶቻችን ለተጣላቸው ሰው «በሕግ አምላክ!» ብለው ሲያስቆሙት ያ ሰው ባለሥልጣንም ቢሆን ይቆም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም በሕግ አምላክ ሲባሉ ቆመው ፋይላቸውን የሚያሳዩ ያድርግልን።

ቸር እንሰንብት።